አሥራ አምስተኛው ዘፈን

«ምርጥ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊቱ ወደ ተመረጠው ይመለከታል፤ ሌላኛው ወደ ተተወው። እኛ ግን ልማድ ሆኖብን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የምናየው። «ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካሴት ወይም ሲዲ ስንገዛ ሽፋኑ ላይ የተደረደሩትን ርእሶች እየቆጠርን እንደሰታለን እንጂ፣ የመራጩ እጅ አንሥቶ መልሶ ያስቀመጣቸው የትኞቹ ይሆኑ ብለን አንጠይቅም። መራጭ ደግሞ ሁልጊዜ የራሱ ጉዳይ አለው። ሊሸጥበት ያሰበው ገበያ፣ ሊያስደስተው የፈለገው አድማጭ፣ ዝም ብሎ ሊያልፈው የወደደው ነገር አለው።

ይህን የምለው ሥራዬ አስለምዶኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ። ደንበኛው «ቀሪዬ ስንት ነው?» ይለኛል። አንድ ቁጥር እነግረዋለሁ፤ ደስ ብሎት ወይም አዝኖ ይሄዳል። ያ ቁጥር ግን የገባውንና የወጣውን ሁሉ ውጦ የተቀመጠ ነው። ልጁን የዳረበት፣ እናቱን ያሳከመበት፣ እህቱ ከዐረብ አገር የላከችለት … ሁሉም በአንድ ቀሪ ሒሳብ ውስጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ይተኛሉ። የምርጥ ዘፈኖች ስብስብም የአንድ ዘፋኝ ቀሪ ሒሳብ ይመስለኛል። ስሕተት የለበትም፤ ታሪኩ ያለው ግን በዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት የምርጥ ዘፈኖች ስብስቦች ስለ አንዱ ነው፤ ስለ ቦብ ማርሊ «ሌጀንድ»።

* * *

«ሌጀንድ» በአይላንድ የሙዚቃ ኩባንያ አማካይነት የወጣው እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1984 ነው። ማርሊ በማያሚ ያረፈው ሜይ 11 ቀን 1981 ስለሆነ፣ ሦስተኛው ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ሲሞት ዕድሜው 36 ነበር፤ እኔ ዛሬ ካለሁበት ዕድሜ እምብዛም አይርቅም።

ስብስቡ በእንግሊዝ አገር 12 ሳምንታት በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። በአሜሪካው የቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ ላይ የቆየባቸው ሳምንታት ከ800 አልፈዋል። ስምንት መቶ ሳምንት ከአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ሕፃን ተወልዶ ጎረምሳ እስኪሆን ተቀመጠ እንደ ማለት ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በወቅቱ ኩባንያውን በእንግሊዝ ይመራ የነበረው ዴቭ ሮቢንሰን የስብስቡን ሥራ የያዘው የገበያ ጥናት አስጠንቶ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ማርሊን ገና ያልገዛው ነጭ አድማጭ ምን ይወዳል፣ ምንስ ያስፈራዋል? ፍቅሩን፣ ጭፈራውንና መጽናናቱን ይወዳል፤ የሚያስፈራውም ቁጣው ነው። ስለዚህ ቁጣው እንዲለዝብ ተደረገ። ለሽፋኑም የተመረጠው ፎቶግራፍ እጁን ወደ ፊቱ አስጠግቶ በሐሳብ የተዋጠ ለስላሳ ሰው የሚያሳይ ነው።

በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ጣቱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቀለበት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1977 በለንደን ከአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን እጅ የተቀበለው፣ የአንበሳ ምስል ያለበት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቀለበት ይህ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ቀለበት አደራ፣ አትርሱብኝ።

ስብስቡ 14 ዘፈኖችን ይዟል። በዝርዝር ሲታይ አምስቱ በ1977 ከወጣው «ኤክሶደስ» የተወሰዱ ናቸው። ሁለቱ ከ«ካያ»፣ ሁለቱ በሞቱ ዋዜማ ከወጣው «አፕራይዚንግ»፣ ሁለቱ ከ«በርኒን»፣ አንዱ ከ«ካች ኤ ፋየር»፣ አንዱ ከሞቱ በኋላ ከወጣው «ኮንፍሮንቴሽን»፤ «ኖ ውማን ኖ ክራይ» ደግሞ በ1975 ለንደን ላይ በመድረክ ከተቀዳው አልበም። ደምሩት፤ አሥራ አራት ይመጣል። ሒሳቡ ይዘጋል።

ነገር ግን ከዚህ ድምር ውስጥ የሌሉ አልበሞች አሉ። አንዱ በ1976 የወጣው «ራስታማን ቫይብሬሽን» ነው። ሁለተኛው በ1979 የወጣውና ሽፋኑን በአፍሪካ አገሮች ሰንደቅ ዓላማዎች ያለበሰው «ሰርቫይቫል»። ከሁለቱም አንድ ዘፈን እንኳ አልተወሰደም። ባዶ! … በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ባዶ ሲያጋጥም ወደ መዝገቡ መመለስ ግድ ነው።

* * *

ወደ መዝገቡ እንመለስ።

መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ገና አራት ወር ገደማ ነበር። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው አቤት ብለው ነበር። በሁለቱም ቦታ የተናገሩት በአማርኛ ነው። በኒውዮርኩ ንግግራቸው ውስጥ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ አስተሳሰብ እስኪወገድ፣ በየአገሩ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ መባል እስኪቀር፣ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ የተንሰራፋው ጭቆና እስኪያከትም ድረስ ዓለም ሰላም እንደማታገኝ የሚያስጠነቅቅ ክፍል አለ።

ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ባሕር ተሻገረ። በጃማይካ ራስታዎች ዘንድ እንደ ቅዱስ ቃል ይነበብ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን ከማርሊ ባልንጀሮች እጅ ገባ፤ ንግግሩም ሳይበረዝ ማለት ይቻላል፣ እንዳለ፣ ዘፈን ሆነ። ርእሱም «ዋር»፣ በእኛ «ጦርነት» ተባለ። በደራሲነት የተመዘገቡት የእግር ኳስ ተጫዋቹ አለን ኮልና ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት ናቸው። ዘፈኑ የወጣው በ«ራስታማን ቫይብሬሽን» ላይ ነው፤ በዚያ ባዶ በሆነው መስመር።

እኔን እንደ ግጥም ሞካሪ ዘወትር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛው «እስከ» የሚለውን ቃል የሚያስቀምጠው በዐረፍተ ነገሩ ራስ ላይ ነው። በዘፈኑም ውስጥ ይህች ቃል በየስንኙ መጀመሪያ እየመጣች በር ትደበድባለች። በአማርኛ ጠባይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ «… እስኪወገድ ድረስ»፣ «… እስኪጠፋ ድረስ» እንላለን። መዶሻው የሚያርፈው በማብቂያው ነው፤ ልክ ግጥም ቤት በሚመታበት ቦታ። ስለዚህ ማርሊ የዘፈነውን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ሌላ ዘፈን ይወጣዋል። አንድ ሐሳብ በአማርኛ ተወልዶ በእንግሊዝኛ አደገ፤ በጃማይካ ከበሮ ተዳረ። የትውልድ ቋንቋው ግን አሁንም በውስጡ ተደብቆ ይሰማኛል። ማርሊ ያን ዘፈን ሲዘፍን ዜማ ከማውረድ ይልቅ ንባብ ወደ ማንበብ ያደላል። ድምፁ ብዙ አይወጣም፣ ብዙ አይወርድም። የታወጀ ነገር የሚያሰማ ሰው ድምፅ ነው።

ሌላው ባዶ መስመር «ሰርቫይቫል» ነው። በዚያ አልበም ውስጥ «ዚምባብዌ» የተባለ ዘፈን አለ። ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አዲስ አበባንና ሻሸመኔን አይቷል። ያ የ«ዋር» ባለድርሻ አለን ኮል በዚያን ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ የአየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። «ዚምባብዌ» የተጻፈው በዚያ ጉዞ ላይ፣ በእኛው ምድር እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነጻነቷን ባወጀችበት ሌሊት ማርሊ በሩፋሮ ስታዲየም ተገኝቶ ይህንኑ ዘፈን ዘፈነ።

እንግዲህ ቆም ብለን እንቁጠር። ከማርሊ ዘፈኖች ሁሉ አንዱ ቃሉ ከአማርኛ የመጣ ነው፤ አንዱ ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር የተጻፈ ነው። ሁለቱም በ«ሌጀንድ» ውስጥ የሉም። የንጉሡ ሞት በተሰማ ጊዜ፣ በ1975፣ ለነጠላ ሸክላ የተቀዳው «ጃህ ሊቭ»ም የለም። ንጉሡ በቀለበት በኩል ሽፋኑ ላይ ቀርተዋል፤ ቃላቸው ግን ከውስጥ ወጥቷል። በ2002 ስብስቡ እንደገና ሲታተም ሁለት ተጨማሪ ዘፈኖች ገቡ። የገቡት ግን «ኢዚ ስካንኪንግ» እና «ፓንኪ ሬጌ ፓርቲ» ናቸው። በሩ ለጥቂት ተከፍቶ ሁለት የጭፈራ ዘፈኖች ገብተው ተመልሶ ተዘጋ።

* * *

ይህን ሁሉ መቁጠር የጀመርኩት ከአንድ ካሴት የተነሣ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ታክሲ ነጂ ነበር። በልጅነቴ ትምህርት ቤት በማይኖርበት ቀን ከጋቢናው ውስጥ፣ በእሱና በተሳፋሪው መካከል ተቀምጬ ከተማውን እዞር ነበር። ከመኪናው ቴፕ የማይወጣ አንድ ካሴት ነበረው፤ ሙዚቃ ቤት በባዶ ካሴት ያስቀዳው «ሌጀንድ»። በዚያ ዘመን ካሴት ማስቀዳት የታወቀ ነበር። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ የምትፈልገውን ትናገራለህ፣ በማግሥቱ ትረከባለህ። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ከሆነና አልበሙ ካነሰ፣ በተረፈው ቦታ ቀጂው የወደደውን ይሞላበታል፤ ወይም አንተው ትመርጣለህ።

የአጎቴ ካሴት አሥራ አምስት ዘፈን ነበረው። በመጨረሻ የሚመጣው ያ የሚያነበንበው፣ ጉሮሮውን እንደ ነጋሪት የሚጠቀምበት ዘፈን ነው። ሲጀምር አጎቴ የቴፑን ድምፅ ከፍ ያደርግና «ይቺ የኛ ናት» ይላል። ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም አይቀንስም። ባንክ ከገባሁ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ደመወዞቼ በአንዱ ዋናውን ሲዲ ገዝቼ ሽፋኑን ሳነብብ አሥራ አምስተኛው የለም። ጠየቅሁት።

«አስጨምሬ ነው» አለኝ። «ገንዘብ ከፍዬ ባዶ ቦታ ይዤ ልሂድ እንዴ?»

አጎቴ ንጉሡን የሚያፈቅር ሰው አልነበረም። በተማሪነቱ «መሬት ላራሹ» እያለ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሮጡት አንዱ ነበር። ያን ንግግር የሰማው ግን ከዚያ በፊት፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ መምህሩ ከጋዜጣ ላይ ሲያነብላቸው ነው። «ንጉሡን ተቃውሜአለሁ» ይለኝ ነበር፤ «ንግግሩን ግን አልተቃወምኩትም። እንዲያውም የተቃወምኳቸው በዚያው በንግግራቸው ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ አይኑር ብለው ለዓለም የነገሩትን ገባሩ ዘንድ ሄደው ይንገሩት ነው ያልነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቱ። አጎቴም አብዮቱን ካመጡት መካከል ሆኖ ሳለ በ1970 ዓ.ም. ታሰረ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠ። ማርሊ ሻሸመኔ በነበረባቸው ቀናት አጎቴ እስር ቤት ነበር። ሲፈታ ወደ መምህርነቱ አልተመለሰም፤ መንጃ ፈቃድ አወጣ።

ስለ እስሩ በጋቢናው ውስጥ ተናግሮ አያውቅም። ካሴቱን ብቻ ያጫውታል። ያ ዘፈን ሲመጣ ግን መሪውን የያዘበት እጅ ሲጠብቅ አየው ነበር።

* * *

አጎቴ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈ። «አንተ ጸሐፊ ነህ፣ የሕይወት ታሪኩን ጻፍ» ተባልኩ። መቼም በአገራችን ከፍትሐቱ በኋላ በመቃብሩ አጠገብ የሚነበበውን ያን አንድ ገጽ የማያውቅ የለም። እዚህ ቦታ ተወለዱ፣ እዚህ ተማሩ፣ እዚህ ሠሩ፣ ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም … እያለ ይወርዳል። በዚያች ሌሊት ወረቀቱ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ይህም እኮ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ነው ብዬ አሰብኩ። ስልሳ ስምንት ዓመት በአንድ ገጽ! ገበያውም አለ። ለቀስተኛው ማን ነው፣ ምን መስማት ይፈልጋል፣ ምን ይከብደዋል?

እስሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት። «ከ1970 እስከ 1972 ዓ.ም. በፖለቲካ አመለካከታቸው ምክንያት ታስረው ነበር» የሚል ብቻ። ረቂቁን ለቤተሰብ ሳነብ አክስቴ እጇን አነሣች።

«እሷን አውጣት» አለች። «ስንት ዓመት አልፎት፣ ዛሬ በሞተ ቀን ለምን መልሰህ ታስረዋለህ?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። አክስቴ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስንቅ የቋጠረች ሴት ናት። በየማለዳው አገልግል ይዛ ወጥታ፣ ባዶ አገልግል ሲመለስላት «ዛሬም አለ» ብላ ፈጣሪዋን ያመሰገነች ሴት ናት። ያን ጊዜ እንዲረሳ የመፈለግ መብት ያላት ከእኔ በላይ እሷ ናት። የዴቭ ሮቢንሰን የገበያ ጥናትና የአክስቴ ልመና በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አንዱ የተወው ለሽያጭ ነው፤ ሌላዋ ልትተው የፈለገችው ቁስሏ እንዳይነካ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውየው አሥራ አራት ዘፈን ይዞ ይቀበራል።

ስለ ካሴቱ ነገርኳት። አጎቴ ከፍሎ ያስጨመረው ዘፈን የትኛው እንደነበር፣ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፣ እጁ መሪው ላይ እንደሚጠብቅ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና «እንግዲያው አንብበው፤ ቀስ ብለህ ግን» አለችኝ።

አነበብኩት። በዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ የሚቀጥለውን አነበብኩ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ግን ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው አንድ አዛውንት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበላቸው፤ አልበሉም። ጥቂት ቆይተው «ጽፈኸዋል» አሉኝ። «እኔና እሱ አንድ ብርድ ልብስ ነበር ያለን።» ይህንኑ ብቻ ተናግረው፣ አክስቴን እግዜር ያጥናሽ ብለው ሄዱ። አክስቴ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ሲመለሱላት የነበሩት ባዶ አገልግሎች የስንት ሰው እንደነበሩ በዚያች ማታ ያወቀች ይመስለኛል።

* * *

ይህን ስል «ሌጀንድ»ን ለማንኳሰስ እንዳይመስልብኝ። ለመራጩም ፍርድ ይገባዋል። «ሪደምፕሽን ሶንግ» በስብስቡ ውስጥ አለ፤ ከቃሉም መካከል ማርከስ ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1937 በካናዳ ካደረገው ንግግር የተወሰደ አለበት። «ጌት አፕ፣ ስታንድ አፕ» አለ። «ቡፋሎ ሶልጀር» አለ፤ ከአፍሪካ ተሰርቀው ለሌላው ጦርነት ስለ ዘመቱ ጥቁር ወታደሮች የሚናገር። ቁጣው ጨርሶ አልተነቀለም፤ ተገርዟል። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስንቶቻችን ነን ማርሊን በሌላ በር የተዋወቅነው? አጎቴ ራሱ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ያስቀዳው «ሌጀንድ»ን ነው። አሥራ አራቱ ባይኖሩ አሥራ አምስተኛው የሚጨመርበት ካሴት አይኖርም ነበር። በ1995 የተተዉትን የሚሰበስብ «ናቹራል ሚስቲክ» የተባለ ሌላ ስብስብ ወጥቶ «ዋር»ንም «አፍሪካ ዩናይት»ንም ይዞ ነበር። እንደ መጀመሪያው ግን አልገነነም። የተተወን ለብቻው ሰብስቦ መሸጥ ከባድ ነው፤ ከተመረጠው ጎን ሲቆም ነው ድምፁ የሚሰማው።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የማርሊ ስድሳኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር እኔና አጎቴ ከሕዝቡ መካከል ነበርን። አደባባዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ተሞልቶ ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የማይታይበት አቅጣጫ አልነበረም። የዝግጅቱ ስም «አፍሪካ ዩናይት» ነበር፤ ያ ከ«ሰርቫይቫል» ውስጥ የሆነው፣ በ«ሌጀንድ» ውስጥ የሌለው ዘፈን። ለገበያ የማይሆን የተባለው ዘፈን በአፍሪካ ለበዓል ስም ሆነ። አጎቴ በዚያ ቀን ብዙ አልተናገረም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን «ሰውየው በሕይወቱ ሲመጣ አላየሁትም፤ ዛሬ ተገናኘን» አለ። የት እንደነበረ ሳይናገር፣ እኔም ሳልጠይቀው በዝምታ ሄድን።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ወዳጆቼ «ግጥሞችህን መርጠህ አሳትም እንጂ» ይሉኛል። ደብተሮቼን አውጥቼ መምረጥ ጀመርኩ። ሰው የሚወዳቸው ቶሎ ይለያሉ፤ የፍቅሮቹ፣ የናፍቆቶቹ፣ የክረምቶቹ። በመድረክ ሳነባቸው ጭብጨባ ያገኙትን አውቃቸዋለሁ። ጭብጨባ ያላገኙትን፣ ካነበብኳቸው በኋላ አዳራሹ የሳለባቸውንም አውቃቸዋለሁ። እጄ እያነሣ መልሶ የሚያስቀምጣቸው እነሱን ነው። በዚህ መካከል በአንዱ ደብተር ኅዳግ ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

ከሞላ ጎተራ በቁና ሰፈሩ፣
ለሚበላ ሰጡ፤ ዘሩን ግን አስቀሩ።

የመጽሐፌ ነገር ገና አላለቀም። አንድ ነገር ግን ወስኛለሁ፤ አዳራሹ ከሳለባቸው ግጥሞች አንዱ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይገባል። ያልወደደው ይለፈው፤ የፈለገው ድምፁን ከፍ ያድርግ።

የአጎቴ ካሴት ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ማጫወቻ ስለሌለኝ አልሰማውም። በሽፋኑ ወረቀት ላይ አሥራ አራቱ ርእሶች በቀጂው እጅ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፈዋል። ከሥራቸው በሌላ ቀለም፣ የመምህር በሆነ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አለ፦ «15ኛ. ጦርነት»። ርእሱን በአማርኛ ነው የጻፈው።

ቸር ይግጠመን።